ከአዲስ አበባ እስከ መቀሌ፦ የሰሜኑ አውራ ጎዳና መስመር፣ ታሪክና ለእርዳታ ሥራ የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

ድርቅ በደረሰ ጊዜ የእርዳታ ሠራተኛ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ እህሉ የት ይገኛል የሚል ነው። ቀጥሎም በየትኛው መንገድ ይጓጓዛል ብሎ ይጠይቃል። ሦስተኛው ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይዘነጋል። ይኸውም መንገዱ በማን ደጅ ያልፋል፣ ማንንስ ርቆ ያልፋል የሚለው ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን፣ በደሴ፣ በወልድያና በኮረም በኩል ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ይህን ሦስተኛ ጥያቄ ለመመርመር እጅግ የሚመች ነው። የ1965 እና 66፣ እንዲሁም የ1976 እና 77 ዓ.ም. ታላላቅ የረሀብ ዘመናት ዋና መናኸሪያ ይኸው መስመር ነበርና። በዚህ ጽሑፍ የመንገዱ አቀማመጥና አመጣጥ በአጭሩ ከተገለጸ በኋላ በየዘመኑ ለችግረኛው ሕዝብ ምን እንዳደረገና ምን ሳያደርግ እንደቀረ ይመረመራል። የተሰጡት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የመስመሩ አቀማመጥ

መንገዱ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ አቅጣጫ የሸዋን ደጋ ተከትሎ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ከዚያም ብርዳማውን አምባ አቋርጦ ወደ ጣርማ በር ይወጣል። በዚህ ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍ፣ ርዝመቱ ከ500 ሜትር በላይ የሆነ ዋሻ ይገኛል። ከዋሻው ማዶ ያለው ቁልቁለት በደብረ ሲና በኩል በብዙ ጠመዝማዛ ወርዶ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከሸዋ ሮቢት ቆላ ያደርሳል። ከጥቂት ሰዓታት ጉዞ በፊት ጋቢ ሲደርብ የነበረ መንገደኛ እዚህ በሙቀት ይጨነቃል።

ከሸዋ ሮቢት በኋላ መንገዱ በአጣዬና በከሚሴ አልፎ የቦርከናን ሸለቆ ተከትሎ ኮምቦልቻ ይገባል። ኮምቦልቻ ከባሕር በር የሚመጣው መንገድ የሚገናኝበት መስቀለኛ ስፍራ በመሆኑ ለእርዳታ ሥራ ልዩ ጠቀሜታ አለው። ከዚያ ዳገቱን ወጥቶ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደሴ ይደረሳል። በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ በኩል ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ወልድያ ትገኛለች። ከወልድያ በኋላ የአለውሃን ድልድይ ተሻግሮ የቆቦንና የአላማጣን ሜዳ ይይዛል። ከአላማጣ በላይ ግራ ካሕሱ በሚባለው ጠመዝማዛ ዳገት ወደ 1,000 ሜትር ያህል ወጥቶ ኮረም ይደርሳል። በመጨረሻም በማይጨውና በአምባ አላጌ በኩል መቀሌ ይገባል። ጠቅላላው ርዝመት ወደ 780 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

አንባቢው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። መንገዱ የሚጓዘው በደጋው ምሥራቃዊ ተረተር ግርጌና ጫፍ ላይ ነው። በስተምዕራብ የመንዝ፣ የዋድላ ደላንታ፣ የላስታና የዋግ ገደላማ አምባዎች አሉ። በስተምሥራቅ ደግሞ የአፋር በረሃ ተዘርግቷል። በእነዚህ ሁለት አቅጣጫዎች የሚኖረው ሕዝብ ከመንገዱ የሚለየው በካርታ ላይ በጣት የሚሸፈን ርቀት ቢሆንም፣ በእግር ሲለካ ግን የአንድ፣ የሁለት፣ የሦስት ቀን ጉዞ ይሆናል።

ከቅፍለት መንገድ እስከ አስፋልት

ከመኪና መንገድ በፊት ይህ አቅጣጫ የሲራራ ነጋዴዎች መስመር ነበር። ከአፋር ጨው ሜዳ የሚወጣው አሞሌ በግመልና በበቅሎ ወደ ትግራይ፣ ወደ የጁና ወደ ሸዋ ገበያዎች ይጓዝ ነበር። ሆኖም እህል ከዋጋው ይልቅ ክብደቱ የሚበልጥ ሸቀጥ በመሆኑ በጭነት ከብት ሩቅ አገር ድረስ መሄድ አይችልም ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን የከብት በሽታ በሬውን በፈጀ ጊዜ እህል ካለበት ወደሌለበት የሚያጓጉዝ ነገር አልነበረም። ስለዚህም እህሉ ወደ ሰው ሳይሆን ሰው ወደ እህሉ ተሰደደ፤ ብዙውም በመንገድ ቀረ።

በ1920 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከኢጣሊያ ጋር ባደረገችው የወዳጅነት ውል ከአሰብ እስከ ደሴ የመኪና መንገድ እንዲሠራ ስምምነት ተደርጎ ነበር፤ ዳሩ ግን ሥራው ሳይፈጸም ጦርነት መጣ። በ1928 ዓ.ም. የጠላት ጦር ከማይጨው ውጊያ በኋላ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በብዙ መቶ መኪናዎች ሲገሰግስ የተጓዘው ለመኪና እምብዛም በማይመች ጥርጊያ መንገድ ነበር። ጣርማ በር ላይም አርበኞች መንገዱን ሰብረውት ስለነበር ለመዘግየት ተገዷል።

ኢጣሊያ አገሪቱን በያዘበት በአምስቱ ዓመት ከአሥመራ እስከ አዲስ አበባ፣ ከአሰብም እስከ ኮምቦልቻ ድልድይና ዋሻ ያላቸውን መንገዶች አሠራ። ዓላማው ወታደርና ስንቅ ማጓጓዝ እንደነበር የታወቀ ነው። በመሆኑም መስመሩ የተመረጠው ምሽግንና ወደብን ለማገናኘት በሚያመች አኳኋን እንጂ የገበሬውን ገበያና ማሳ ለማገናኘት ታስቦ አይደለም።

ከነፃነት በኋላ መንገዱ ጠጋኝ በማጣቱ ተበላሸ። በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ የ5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተገኘ። ይህም ባንኩ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ ነው። በጊዜው የነበረው ሥራ በአብዛኛው የቆዩትን ዋና ዋና መስመሮች ማደስ በመሆኑ የሰሜኑ ጎዳና ከተጠቃሚዎቹ መካከል ነበር። ከወልድያ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወረታ የሚወስደውና ሕዝቡ የቻይና መንገድ ብሎ የሚጠራው ጎዳና የተሠራው ግን በኋላ፣ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው። እስከዚያ ድረስ በሰሜን ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ይኖር የነበረው ሕዝብ አስተማማኝ የመኪና መንገድ አልነበረውም።

በ1965 እና 66፦ መንገዱ እህል ሲያወጣ

በ1964 ዓ.ም. የክረምቱ ዝናብ አነሰ፤ በ1965 ዓ.ም. ደግሞ በልጉ ቀረ። የወሎ ገበሬ መጀመሪያ ከብቱን በርካሽ ሸጠ፤ ቀጥሎ የእርሻ መሣሪያውንና የቤቱን ዕቃ ሸጠ፤ በመጨረሻም ቤተሰቡን ይዞ ወደ አውራ ጎዳናው ወረደ። በደሴና በወልድያ መካከል የተሰለፉ ችግረኞች አውቶቡስና የጭነት መኪና እያስቆሙ ምግብ ይለምኑ ነበር። እግሩ የበረታውም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተጓዘ።

ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን ይህን የረሀብ ዘመን በመረመረበት ጥናቱ ያመለከተው ነገር ለእርዳታ ሠራተኛ ሁሉ ሊታወቅ የሚገባው ነው። በዚያ ዓመት በመላው አገሪቱ የተመረተው እህል በጠቅላላው ከቀድሞው እጅግ የቀነሰ አልነበረም። በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ የረሀቡን ብርታት ያህል አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይወጣ ነበር። መንገዱ ክፍት ነበር፤ መኪናውም ነበር። የጠፋው የገበሬው የመግዛት ኃይል ነው። ሰብሉ የጠፋበትና ከብቱን በርካሽ የሸጠ ገበሬ እህል የሚጠራበት ገንዘብ ስለሌለው እህሉ በፊቱ አልፎ ገንዘብ ወዳለበት ከተማ ተጓዘ። የአፋር አርብቶ አደር ሁኔታም ከዚህ ያልተሻለ ነበር። ቀድሞ በድርቅ ጊዜ ከብቱን የሚያሰማራበት የአዋሽ ዳርቻ በሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ተይዞ ነበርና።

በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም ረሀቡን ለዓለም አሳየ። የመጠለያ ጣቢያዎቹ በብዛት የተቋቋሙት በአውራ ጎዳናው ዳር ስለነበር፣ ጋዜጠኛውም ባለሥልጣኑም ያዩት በዚያ የተሰበሰበውን ሕዝብ ነበር። ከመንገዱ ርቆ በየአምባውና በየበረሃው ያለቀው ሰው በትክክል አልተቆጠረም። የሟቾቹ ቁጥር ዛሬም ከ40,000 እስከ 200,000 በሚደርሱ የተራራቁ ግምቶች መገለጹ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንም በዚያው በ1966 ዓ.ም. ተቋቋመ።

በ1976 እና 77፦ መንገዱ ሲጠብና ሲዘጋ

ከአሥር ዓመት በኋላ ሁኔታው በሌላ መልክ ተደገመ። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ኮሚሽኑ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለችግር መጋለጡንና ወደ 900,000 ቶን እህል እንደሚያስፈልግ ለለጋሾች አስታወቀ። ሆኖም የጠየቀው 450,000 ቶን ብቻ ነበር። ምክንያቱ በወደብ፣ በመኪናና በመንገድ ያለው አቅም ከዚህ በላይ ማጓጓዝ አይፈቅድም የሚል ነበር። ስለዚህ የጎዳናው ጥበት የልመናውን መጠን ወሰነው። የተጠየቀውም ግማሽ ቢሆን በጊዜው አልደረሰም።

በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የማይክል በርክና የሙሐመድ አሚን ዘገባ ከኮረም ሲሠራጭ እርዳታው ጎረፈ። በዚህ ጊዜ ችግሩ ከእህል ፍለጋ ወደ ማጓጓዝ ዞረ። የአሰብ ወደብ ተጨናነቀ። ከወደቡ የሚነሣው መኪና የአፋርን በረሃ አቋርጦ በሚሌና በባቲ በኩል ኮምቦልቻ እስኪደርስ ጎማው በጠጠርና በሙቀት ያልቅ ነበር። ከወልድያ በስተሰሜን ደግሞ በእርስ በርስ ጦርነቱ ምክንያት መንገዱ በየጊዜው ይዘጋ ነበር። በሚከፈትበትም ጊዜ በወታደር አጀብ ካልሆነ በስተቀር አያሳልፍም። ከዚህም በላይ በዚያ ዘመን ነጋዴው ከትርፍ አምራች ክፍላተ ሀገር እህል ገዝቶ እንዳያጓጉዝ በየኬላው ይከለከል ስለነበር፣ በመንግሥት መኪና ያልመጣው እህል በነጋዴ መኪና ሊመጣ አልቻለም።

የብሪታንያ፣ የምዕራብ ጀርመንና የሌሎች አገሮች አውሮፕላኖች ወደ መቀሌና ወደ ሌሎች ማረፊያዎች እህል አመላለሱ። በሰሜን ሸዋ እንደ ራቤል ባሉ ደጋማ ስፍራዎችም እህል ከአየር ተጣለ። ይህ የመጨረሻው ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ሰሜን ሸዋ ከዋና ከተማው አጠገብ የሚገኝ፣ አውራ ጎዳናውም በውስጡ የሚያልፍበት አገር ነው። ይሁን እንጂ መጋቢ መንገድ ባለመኖሩ በመኪና ሊደርስ ይገባው የነበረ እህል ብዙ እጥፍ ወጪ በሚጠይቀው አውሮፕላን ተጓጓዘ። በትግራይም መንገዱ ያልደረሰለት ወደ 200,000 የሚጠጋ ሕዝብ ጀርባውን ለአውራ ጎዳናው ሰጥቶ በእግሩ ወደ ሱዳን ተሰደደ።

ሰፋሪዎች የተጓዙበት ጎዳና

ከኅዳር 1977 ዓ.ም. ጀምሮ ይኸው መንገድ ሌላ ጭነት ተሸከመ። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ የተነሡ ሰፋሪዎች በአውቶቡስና በጭነት መኪና፣ ከመቀሌም በአውሮፕላን፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና ወደ መተከል ተወሰዱ። በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ የተጓዘው ሕዝብ ወደ 600,000 ይጠጋል። ከዚህም ከግማሽ በላይ የወሎ ሰው ነበር። ወዶ የሄደ ነበር፤ እህል ልቀበል ብሎ በወጣበት ጣቢያ ተይዞ የተጫነም ነበር። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ የተለያዩበት ሁኔታ በብዙ ጥናቶች ተመዝግቧል። ከደጋ የመጣው ሰው በቆላው ወባ ተጠቃ።

ጉዞው ለአንድ አቅጣጫ ብቻ የታቀደ ስለነበር የመመለሻ ዝግጅት አልነበረም። ከጣቢያው የኮበለሉት በእግራቸው ተመለሱ፤ በ1983 ዓ.ም. ከመንግሥት ለውጥ በኋላም ብዙዎች ወደ ወሎ መጡ። በሄዱበት ዘመን መሬታቸው ለሌላ ተሰጥቶ ስለነበር አገራቸው ገብተው እንደ እንግዳ ቆጠሩ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው አዲሱ የሠፈራ ፕሮግራም ሰፋሪው በፈቃዱና በክልሉ ውስጥ እንዲሠፍር፣ የቀድሞ መሬቱም እስከ ሦስት ዓመት ድረስ እንዲጠበቅለት የሚል መመሪያ የያዘው ይህ ልምድ ስለነበረ ነው።

የቅርብ ዘመን ሁኔታ

ከ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ጀምሮ የአሰብ በር ለኢትዮጵያ ጭነት ተዘጋ፤ እህሉም ከጅቡቲ በጋላፊና በሚሌ በኩል መምጣት ቀጠለ። በኮምቦልቻና በመቀሌ የመጠባበቂያ እህል መጋዘኖች ተሠሩ። በ1997 ዓ.ም. የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ቀበሌዎችን ከዋና መንገድ ጋር የማገናኘት ሰፊ የገጠር መንገድ ሥራ ተጀመረ። በ2008 ዓ.ም. ድርቁ በርትቶ የእርዳታ ፈላጊው ቁጥር 10.2 ሚሊዮን በደረሰ ጊዜ የ1977ቱ ዓይነት እልቂት አልታየም። ለዚህም ሰላም መኖሩ፣ መጋዘኑ መቅረቡና መጋቢ መንገዱ መብዛቱ የየድርሻቸውን አበርክተዋል።

ይሁንና በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ሲነሣ የወልድያ–መቀሌ መስመር እንደገና ተዘጋ። ወደ ትግራይ የሚላከው እርዳታ በሰመራና በአብዓላ በኩል ባለው አንድ መንገድ ላይ ተንጠለጠለ፤ እርሱም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስከተፈረመ ድረስ በአንድ በር ላይ የመመካት አደጋ በሕዝብ ሕይወት ተፈተነ።

የመንገዱ ትምህርት

ከዚህ ታሪክ አራት ነጥቦች ይገኛሉ።

አንደኛ፣ መንገድ እህልን ወደ ራብተኛው የሚያደርሰው እህሉን የሚጠራው ሲኖር ነው። የሚጠራውም የገበሬው ገንዘብ ወይም የመንግሥት ትእዛዝ ነው። ስለዚህ የድርቅ ቅኝት የእህል ዋጋን ብቻ ሳይሆን የከብት ዋጋንና የቀን ሥራ ክፍያን አብሮ መከታተል አለበት። በገበያ ላይ እህል ሞልቶ የበሬ ዋጋ ከወደቀ ረሀቡ በመንገድ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ከጎዳናው ዳር የሚታየው ችግረኛ የችግሩን መጠን አያሳይም። ወደ መንገድ የወጣው መውጣት የቻለው ነው። አረጋዊው፣ ነፍሰ ጡሯና የታመመው በቤታቸው ናቸው። የቆጠራ ቡድን ሥራውን ከመንገዱ እጅግ ከራቀው ቀበሌ ጀምሮ ወደ መንገዱ ቢመጣ የተሻለ ውጤት ያገኛል።

ሦስተኛ፣ ሥራው በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ይመዘናል። የአንድ ሰው የወር ቀለብ 15 ኪሎ እህል ቢሆን 60,000 ተረጂ ያለበት ወረዳ በወር 9,000 ኩንታል ያስፈልገዋል። 220 ኩንታል በሚጭን ተሳቢ መኪና 41 ጭነት ይሆናል። መንገድ በሌለበት፣ አህያ 50 ኪሎ ብትጭን፣ ያው እህል 18,000 የአህያ ጭነት ይሆናል። አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ 75 ኪሎ ይደርሰዋል። ይህን አንድ ሰው ተሸክሞ የአንድ ቀን ዳገት ሊወጣ አይችልም። አህያ ሲከራይም ከቀለቡ ቀንሶ ይከፍላል። ስለሆነም ማደያ ጣቢያው አንድ ሰዓት በቀረበ ቁጥር ቀለቡ እንደተጨመረ ይቆጠራል።

አራተኛ፣ መንገድ የሚሰበርበት ስፍራ አስቀድሞ ይታወቃል። ጣርማ በር፣ አለውሃና ግራ ካሕሱ ለጎርፍ፣ ለመሬት መንሸራተትና ለጦርነት የተጋለጡ ናቸው። እህሉ ክረምት ሳይገባ ከእነዚህ ስፍራዎች ወዲያ መከማቸት ይኖርበታል። ሁለተኛ መስመርም ሰላም ሳለ መታደስ ይገባዋል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በምትሠሩበት ወረዳ ከመኪና መንገድ ከግማሽ ቀን በላይ የሚርቁት ቀበሌዎች የትኞቹ ናቸው? ባለፈው ቆጠራ የተጎበኙት ስንቶቹ ናቸው?

2. በወረዳው ገበያ ባለፉት ሦስት ወራት አንድ በግ ስንት ኪሎ እህል ይገዛ ነበር? አሁንስ?

3. ዋናው መንገድ ነገ ቢዘጋ በእጅ ያለው እህል ለስንት ቀን ይበቃል? በየትኛው መስመርስ ይተካል?

4. ሰፋሪ የሚነሣበት ወረዳ ከሆነ፣ መመለስ የሚፈልግ ሰው በምን ይመለሳል? መሬቱንስ ማን ይጠብቅለታል?